በቀቀን ስንት ያወጣል? ከወፍ ገበያ የሚቀሰም ትምህርት

ባለፈው ወር አንድ የማከብራቸው የመርካቶ ነጋዴ ሱቃቸው ድረስ አስጠሩኝ። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ በብትን ጨርቅ ጀምረው በቅባት እህል ንግድ የሰነበቱ፣ ሒሳብ በጣታቸው እየቆጠሩ የማይሳሳቱ ሰው ናቸው። ሻይ ካዘዙልኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት ትል የለም? እስቲ አንድ ነገር አስላልኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዱባይ የተመለሰ አንድ ወዳጃቸው፣ እዚያ አንድ የሚናገር ግራጫ በቀቀን በሺህ በሚቆጠር ድርሃም ሲሸጥ በዓይኔ አየሁ ብሎ አጫውቷቸዋል። ጋሼም አሰቡ፤ በቀቀን በእኛም አገር ጫካ አለ። ሦስት ሆነው ገንዘብ አዋጥተው፣ አጥማጅ ቀጥረው፣ ወፉን ሰብስበው ለመላክ ቋፍ ላይ ደርሰዋል። «ወፉ በነፃ፣ ዋጋው በድርሃም። ይህ ትርፍ ካልሆነ ትርፍ ምን ሊባል ነው?» አሉኝ።

መልሱን በዚያው ሰዓት መስጠት አልቻልኩም። ሁለት ሳምንት ቀጠሮ ጠይቄ ሒሳቡን ሠራሁ። ያገኘሁት ትምህርት ግን ለጋሼ ብቻ የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም። ቤቱ በቀቀን ማሳደግ የሚያምረው ሰው አለ፤ «እንግዳ ሸቀጥ» ሲባል ልቡ የሚደነግጥ ነጋዴም ሞልቷል። ለሁለቱም ይጠቅማልና እነሆ።

ሦስቱ የነጋዴ ጥያቄዎች

አንድ ሸቀጥ ፊቱ ሲቀርብ አዋቂ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕቃው ስንት ጊዜ ይቆያል? ሁለተኛ፣ የተሸጠው በምን ፍጥነት ይተካል? ሦስተኛ፣ ገዢው ጥራቱን በምን ያውቃል? ሲሚንቶም ሆነ ቡና፣ ያገለገለ መኪናም ሆነ በቀቀን ከእነዚህ ጥያቄዎች አያመልጥም። በዓለም ገበያ ተወዳጅ የሆኑትን የበቀቀን ዓይነቶች በዚሁ ሚዛን እያስቀመጥን እንያቸው። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት፣ ከአገር አገር ስለሚለዋወጥ፣ ከዋጋው ይልቅ ዋጋውን የሚሠራውን ምክንያት እንከተል።

ተወዳጆቹ በየደረጃቸው

በብዛት የሚያድገው በጀሪጋር የሚባለው ትንሹ የአውስትራሊያ በቀቀን ነው። ክብደቱ ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። ጆን ጉልድ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1840 በሕይወት ወደ እንግሊዝ ካመጣው ወዲህ በአውሮፓ ቤቶች እንደ ልብ ተራባ። በዓመቱ ለመራባት ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ይጥላል፤ በ18 ቀን ገደማ ይፈለፍላል። ዕድሜው በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ርካሽ የሆነው የማይረባ ስለሆነ አይደለም፤ በጎጆ ውስጥ በቀላሉ ስለሚራባ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ የሚያልፍ ወፍ ቢኖር ይህ ነው። ታጋሽ ባለቤት ካገኘ ቃላትም ይለምዳል።

ሁለተኛው ኮካቲየል ነው። ይህም የአውስትራሊያ ተወላጅ ሲሆን፣ ራሱ ላይ እንደ ዘውድ የቆመ ላባና ጉንጩ ላይ ብርቱካናማ ክብ አለው። ክብደቱ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ዕድሜው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ብዙ አይናገርም፤ ወንዱ ግን ፉጨት ይወዳል፣ ዜማ ይይዛል። ጠባዩ ለስላሳ ስለሆነ ልጆች ላሉበት ቤትና ለጀማሪ ይመከራል። ከጎረቤት ጋር የሚያጣላ ጩኸት የለውም።

ሦስተኞቹ «ላቭበርድ» ወይም የፍቅር ወፎች የሚባሉት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠጋግተው የሚቀመጡት ትንንሾቹ የአፍሪካ በቀቀኖች ናቸው። በገበያ በብዛት የሚታየው ፊቱ ጽጌረዳ የመሰለው ዓይነት ሲሆን፣ አገሩ ናሚቢያና አካባቢዋ ነው። የፊሸር የሚባለው ደግሞ የሰሜን ታንዛኒያ ነው። ስማቸው ፍቅር ይሁን እንጂ ከሌላ ወፍ ጋር ሲቀላቀሉ ኃይለኛ ተደባዳቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው።

አራተኛው አንገቱ ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ያለው አረንጓዴ ባለረጅም ጅራት በቀቀን ነው። ከሴኔጋል አንስቶ እስከ አፍሪካ ቀንድ፣ ከዚያም በሕንድ አገር ይገኛል። በደንብ ይናገራል፤ ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ከጎጆ ያመለጡት በለንደንና በቴል አቪቭ መናፈሻዎች ተራብተው የከተማ ነዋሪ ሆነዋል። ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን ጠዋት ጠዋት የሚሰሙት የአረንጓዴ ወፍ ጩኸት የዚሁ ሸቀጥ ትራፊ ነው።

አምስተኛው፣ የጋሼን ልብ የሰረቀው አፍሪካዊው ግራጫ በቀቀን ነው። ላባው አመድማ፣ ጅራቱ ቀይ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በንግግር ችሎታ የሚስተካከለው የለም። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአንድ የቺካጎ የወፍ ሱቅ የገዛችው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን፣ ቀለም፣ ቅርጽና ቁጥር ለይቶ 100 ያህል ቃላት በቦታቸው እስከ መጠቀም ደርሷል። የሞተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዝናው የገበያውንም ፍላጎት አጦፈው። ነገር ግን ይህ ወፍ ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል፤ ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ የሚጥለውም ከ2 እስከ 4 እንቁላል ነው። ብቻውን ከተተወ ይከፋውና ላባውን በገዛ አፉ ይነቅላል።

በመጨረሻ ትልልቆቹ ማካውና ኮካቱ አሉ። ሰማያዊና ቢጫ ላባ ያለው የደቡብ አሜሪካ ማካው ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ነጩ ኮካቱ ከሰው እቅፍ መውረድ አይወድም፤ ሲያኮርፍ ግን ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ምንቃሩ የወንበር እግር ይፈለፍላል። እነዚህ ሰፊ ግቢና ሙሉ ቀን የሚሰጣቸው ሰው ላለው እንጂ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን የተፈጠሩ አይደሉም።

የግዢ ዋጋ ወጪ አይደለም

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንሳ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ትልቅ በቀቀን ለምግብ፣ ለጎጆ እድሳትና ለሕክምና በወር 1,000 ብር ያስወጣል እንበል። በዓመት 12,000 ብር፣ በ50 ዓመት 600,000 ብር ማለት ነው። በወር 150 ብር የምታስወጣ በጀሪጋር 8 ዓመት ብትኖር ጠቅላላ ወጪዋ 14,400 ብር ነው። ቁጥሩ ይለዋወጥ፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። የ40 ዓመት ሰው ጫጩት ግራጫ በቀቀን ሲገዛ፣ ወፉን ማን እንደሚወርሰው አብሮ መወሰን አለበት። መኪና ያረጃል፣ ይሸጣል። በቀቀን ግን ባለቤቱን ለምዶ፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይም አገር ሲለቅ አዲሱን ቤት አልቀበልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ትልቅ በቀቀን የሚገዛ ሰው ዕቃ ሳይሆን ግዴታ ነው የገዛው።

ሰማያዊው ወፍ እንዴት ወደቀ?

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የተበላበት ነው። የዱር በጀሪጋር አረንጓዴ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ቤልጂየም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ያለው ተፈለፈለ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ይህ ሰማያዊ ወፍ በጃፓን የባለፀጎች ስጦታ ሆነና ዋጋው ሰማይ ነካ። የአውሮፓ አርቢዎች ጎጆ ማሠሪያ እስኪያጡ ድረስ ማራባት ያዙ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የጃፓን ገበያ ተዘጋ፤ ዋጋውም ተንኮታኮተ። መጨረሻ ላይ የገቡት ወፉን ታቅፈው ቀሩ።

ምክንያቱን በእርሳስና በወረቀት ማየት ይቻላል። አንድ ጥንድ በዓመት 8 ጫጩት ቢያሳድግ፣ ግማሹ ወንድ ግማሹ ሴት ቢሆንና አንድም ባይሞት፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 5 ጥንድ፣ በሁለተኛው 25 ጥንድ፣ በሦስተኛው 125 ጥንድ ይሆናል። በተግባር የሚሞት አለ፣ የማይጥል አለ፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ «ብርቅ ነው» ሲባል ነጋዴ ሊጠይቅ የሚገባው «ብርቅነቱ እስከ መቼ?» ብሎ ነው። መራባት የሚችል ብርቅ ነገር፣ ዋጋው ራሱ አርቢዎችን ይጠራበትና ብርቅነቱን ያጠፋዋል። ትርፉን የሚበላው የመጀመሪያው አርቢ ነው፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ወሬ ሰምቶ የመጣው ነው። በቀቀን የሰማውን ይደግማል ይባላል፤ ገበያ ላይ ግን የሰማውን የሚደግመው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው።

ቀለበቱና ወረቀቱ

ሦስተኛው ጥያቄ የጥራት ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ማየት በማይችልበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣው በአሮጌ መኪና ምሳሌ አስረድቷል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ለኖቤል ሽልማት የበቃው በዚሁ መስክ ነው። በቀቀንም እንደዚያው ነው። ጎጆ ውስጥ ተወልዶ በሰው እጅ ያደገ ወፍ ሰው ለምዷል፣ ይናገራል። ከጫካ የተያዘ ጎልማሳ ወፍ ሰው ሲያይ ይንቀጠቀጣል፣ ይነክሳል፣ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መንገድ ላይ የሚሞተውም ብዙ ነው። በጎጆ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን ለጀማሪ ገዢ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ገበያው ለዚህ መድኃኒት አበጅቷል። አርቢው ጫጩቷ ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ሳለች፣ ቁጥር ያለው ድፍን የብረት ቀለበት በእግሯ ያጠልቃል። እግሯ ካደገ በኋላ ይህን ቀለበት ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ድፍን ቀለበት ያለው ወፍ በሰው እጅ ለመወለዱ ምስክር አለው ማለት ነው። ተቆርጦ የተበየደ ወይም ከልክ በላይ የሰፋ ቀለበት ከሆነ ግን ሻጩን ትቶ መሄድ ነው።

ከቀለበቱ በላይ ደግሞ ወረቀቱ አለ። ሳይቲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1981 በቀቀኖችን በሙሉ ለማለት ይቻላል በቁጥጥር መዝገቡ አስገባ። በጀሪጋር፣ ኮካቲየል፣ ጽጌረዳማ ፊት ላቭበርድና ባለቀለበቱ በቀቀን ዛሬ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው፤ በሰው እጅ ስለሚራቡ ወይም በዱር ስለተትረፈረፉ። ግራጫው ግን የተለየ ዕጣ ገጠመው። በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዱር ግራጫ በቀቀኖች ከአፍሪካ በሕጋዊ መንገድ ወጡ፤ መንገድ የቀሩት በዚህ ቁጥር የሉም። በጋና ጫካዎች እንደ ድሮው መንጋ ሆኖ ማየት ታሪክ ሆነ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው ጉባኤ ግራጫው በጥብቁ መዝገብ ገባ፤ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ ከአገር አገር መተላለፉ ተከለከለ።

ሌሎቹም በሮች ቀደም ብለው ተዘግተዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹን በመዝገቡ ያሉ የዱር ወፎች ማስገባት ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት በወፍ ጉንፋን ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2005 ለጊዜው አገደ፤ በ2007 ክልከላውን ቋሚ አደረገው። ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው ግራጫ በቀቀን በአርቢ እጅ የተወለደው ነው። በዚህ ሥራ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ደቡብ አፍሪካ ነች።

የእኛዎቹ በቀቀኖች

እንግዲህ ወደ ጋሼ ዕቅድ እንመለስ። የመጀመሪያው ስሕተት የሸቀጡ ማንነት ነው። ዱባይ የታየው ግራጫ በቀቀን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ወፍ ነው፤ በአገራችን ጫካ የለም። እኛ ያሉን ሌሎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ቢጫ ግንባር በቀቀን፣ አካሉ አረንጓዴ ራሱ ቢጫ ሆኖ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል በዱር አይገኝም። ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶና ሾላ ባሉበት ደን ይኖራል፤ እንቁላሉን የሚጥለው በአሮጌ ዛፍ ጉድጓድ ነው። ሌላው ጥቁር ክንፉ ላቭበርድ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ዛፍ በበዛባቸው የአዲስ አበባ ግቢዎች ፍሬ ሲለቅም ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

«በነፃ» የሚለው ቃል ያሳሳተን እዚህ ላይ ነው። አጥማጅ ጫጩት ለማውጣት ጉድጓዱን ሲሰብር ወይም ዛፉን ሲጥል፣ የሚያጠፋው የዘንድሮውን ምርት ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ሁሉ ነው። በእኛ ቋንቋ ትርፍ ሳይሆን ዋናውን መብላት ይባላል። ሌላ አገር መጠባበቂያ የሌለው ወፍ ሲሆን ደግሞ ዋናው አንዴ ካለቀ የሚያበድር የለም።

ሕጉም አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሳይቲስ አባል ነች። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን፣ መያዝና መነገድ ወንጀል መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ የጋሼ ማኅበር ሒሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል፦ የሌለ ወፍ፣ የተዘጋ ገበያ፣ ያልለመደ ሸቀጥ፣ መንገድ ላይ የሚሞት ክምችት፣ መጨረሻው ፍርድ ቤት።

ለማሳደግ ለሚሻ

ቤቱ በቀቀን የሚያምረው አንባቢ ግን ተስፋ አይቁረጥ። ከሕጋዊ አርቢ በተገዛ በጀሪጋር ወይም ኮካቲየል ይጀምር። ሲገዛ ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው የደረቀ፣ ከጅራቱ ሥር ንጹሕ የሆነውን ይምረጥ። ላባውን ነፍቶ ጥግ የተቀመጠ ወፍ ብርድ መትቶት ሳይሆን ታሞ ነው። ጎጆው ክንፍ እንደ ልብ የሚያዘረጋ ይሁን። ምግቡ ጥራጥሬ ብቻ አይሁን፤ ጎመን፣ ካሮትና ፍራፍሬ ይጨመርበት። ሱፍ ቢወደውም ስለሚያሰባው በልክ ይሁን።

አቮካዶ ግን በፍጹም! ለእኛ የጁስ ቤት ጌጥ የሆነው ፍሬ ለበቀቀን መርዝ ነው። ቸኮሌት፣ ቡናና አልኮልም እንዲሁ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም፤ ከሰል፣ እጣንና የሚቆላ ቡና ባለበት ክፍል ጎጆው አይቀመጥ። ከመጠን በላይ የጋለ የማያስይዝ መጥበሻ የሚያወጣው ትነት ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላል። ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ሳንባ ምች የሚመስል በሽታም አለ። ስለዚህ ወፍ ያለው ሰው ሲያተኩሰውና ሲያስለው ለሐኪሙ «ቤቴ በቀቀን አለ» ብሎ ይንገር፤ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው።

የጋሼ ጥያቄ

ሒሳቡን ይዤ ስሄድ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ጓደኞቼ ገንዘባቸውን ዛሬውኑ ይወስዳሉ» አሉና ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለመሆኑ እነዚያ የፈረንጅ ወፎች ምንድን ነው የሚበሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሱ እዚያው መጋዘናቸው ውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ ያበቀለው ኑግ በአሜሪካና በአውሮፓ የወፍ መኖ ሆኖ ይሸጣል፤ በተለይ ለትንንሽ ወፎች። አሜሪካ የምትቀበለው አረም ይዞ እንዳይበቅል በሙቀት ከታከመ በኋላ ነው፤ ሕንድም በዚሁ ገበያ ተፎካካሪያችን ነች። ይህ ሸቀጥ በየዓመቱ ይታጨዳል፣ ሚዛን ላይ ይታያል፣ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ያልፋል።

ጋሼ ጸሐፊያቸውን ጠርተው «የኑግ ናሙና አምጣልኝ» ሲሉ ትቻቸው ወጣሁ። የገቢያቸው መንገድ ያዋጣ አያዋጣ ወደፊት የምናየው ነው። ቢጫ ግንባሩ ግን ዛፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቸር እንሰንብት።